አግባድዛ፤ አንድ የምዕራብ አፍሪቃ የከበሮ ምት በኅብረት እንዴት እንደ ተማርን

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አንባብያን እንድናቀርብ ያነሣሣን አንድ ለቅሶ ነው። ባለፈው የትምህርት ዓመት አጋማሽ ላይ፥ ከጋና መጥቶ በእኛው መኝታ ቤት የሚኖር አንድ የምሕንድስና ተማሪ፥ አያቱ ማረፋቸውን በስልክ ሰማ። ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት እኒህ አያቱ ነበሩ። ወዳጃችን ወደ አገሩ ለመሄድ የአውሮፕላን መሳፈሪያ አልነበረውም፤ ፈተናም ደርሶ ነበር። እኛም በአገራችን ልማድ መሠረት ቡናና ንፍሮ ይዘን በክፍሉ ተሰበሰብንና አብረነው ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ማታ፥ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡም ነበር። አንዱ ቃጭል፥ አንዱ ከበሮ ይይዝ ነበር፤ ባዶ እጁን የመጣውም ያጨበጭብ ነበር» አለን።

ከመካከላችን አንዱ «በለቅሶ ላይ ከበሮ መምታት ነውር አይሆንም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ወዳጃችን ሲመልስ፥ በወጣትነቱ የተቀጨ ሰው ሐዘኑ ሌላ መሆኑን፥ የልጅ ልጅ አይተው በእርጅና ያረፉ ግን በዘፈንና በከበሮ እንደሚሸኙ ነገረን። በእርሱ አገር ቀብር ብዙውን ጊዜ በማግስቱ አይፈጸምም፤ ዘመድ ከሩቅ እስኪሰበሰብ ድረስ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ የሚመረጠውም ቀን አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ነው። የአያቱም ቀብር ከስድስት ሳምንት በኋላ በሚውለው ቅዳሜ ተቀጥሮ ነበር። እኛም ሰባት ሆነን፥ «እስከዚያ ድረስ አስተምረንና በዚያው ቅዳሜ አብረንህ እንመታለን» ብለን ቃል ገባን። ቃሉን ስንሰጥ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አላወቅንም ነበር። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት የተማርነው ሌሎች ተማሪዎችንም ይጠቅማል በማለት እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

1. አግባድዛ ምንድር ነው?

አግባድዛ የኤዌ ሕዝብ ዘፈን፥ ጭፈራና የከበሮ ምት በአንድነት የሚጠራበት ስም ነው። ኤዌዎች የሚኖሩት በጋና ደቡብ ምሥራቅና በቶጎ ደቡብ ሲሆን፥ በቤኒንም ይገኛሉ። የወዳጃችን ወገኖች አንሎ የሚባሉት ኤዌዎች ናቸው፤ አገራቸውም በኬታ ሐይቅና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለው አሸዋማ መሬት ነው። በፊት እንግሊዝና ጀርመን፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እንግሊዝና ፈረንሳይ የኤዌን አገር በወሰን ከፋፍለውታል። ጋና በ1957 ዓ.ም.፥ ቶጎም በ1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነጻ ሲወጡ ሕዝቡ በሁለት አገር እንደ ተከፈለ ቀረ። ይሁን እንጂ በወሰኑ በዚህም በዚያም በኩል ያሉት ሰዎች አግባድዛን በአንድ ምት ይጫወታሉ።

ሽማግሌዎቻቸው እንደሚናገሩት አግባድዛ የመጣው አትሪክፑይ ከሚባል የቀድሞ የጦር ዘፈን ነው። የጦርነቱ ዘመን ሲያልፍ ዘፈኑ የሁሉም ሆነ፤ ወንድ ሴት፥ ሽማግሌ ሕፃን ሳይለይ በቀብር፥ በሠርግና በበዓል የሚጫወቱት ጨዋታ ለመሆን በቃ። በአንሎጋ ከተማ በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ገደማ፥ ሆግቤትሶትሶ የሚባል ታላቅ በዓል ይከበራል። በዓሉ በዛሬው መልኩ የተጀመረው በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፥ የሚታሰበውም የአንሎ አባቶች አጎኮሊ ከተባለ ጨካኝ ንጉሥ አገዛዝ አምልጠው ኖትሲ ከተባለችው ከተማ የወጡበት ጉዞ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ ዱካቸው አሳዳጆቻቸውን እንዲያሳስት ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ ይባላል።

ጭፈራው ክንዶችን እንደ ወፍ ክንፍ አጥፎ፥ ጀርባንና ትከሻን እየከፈቱና እየዘጉ የሚጨፈር ነው። ከእኛ መካከል እስክስታ የሚያውቁት ትከሻውን ለመያዝ አልተቸገሩም። እግሩ ግን ሌላ ነገር ሆኖባቸው ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጸዋለን።

2. መሣሪያዎቹና የእኛ ምትክ

የአግባድዛ ዋና ዋና መሣሪያዎች አምስት ናቸው፤ እነርሱም፦

ሀ) ጋንኮጊ፤ ከብረት የተቀጠቀጠ፥ ትልቅና ትንሽ ሆኖ የተጣመረ ድርብ ቃጭል ነው። ትልቁን እናት፥ ትንሹን በደረቷ እንደ ታቀፈች ልጅ አድርገው ይመስሉታል።
ለ) አሐትሴ፤ በዶቃ ወይም በፍሬ መረብ የተሸፈነ ቅል ነው።
ሐ) ካጋን፤ ከከበሮዎቹ ሁሉ ትንሹ፥ ድምፁ ቀጭን፥ በሁለት ረዣዥም ቀጫጭን ዱላዎች የሚመታ ነው።
መ) ኪዲ፤ መካከለኛው ከበሮ ነው።
ሠ) ሶጎ፤ በአግባድዛ መሪ የሚሆነው ትልቁ ከበሮ ነው።

ከእነዚህ አንዱም አልነበረንም። ቃጭሉን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ትልቅና ትንሽ ገዝተን በሽቦ አጣመርነው። አሐትሴውን፥ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ጥቂት ምስር ጨምረን ተካነው። ለሶጎ ከኪነት ክፍል ከበሮ ተዋስን። በመጀመሪያው ቀን ከበሮውን በዱላ ስለ መታነው ኀላፊው ተቈጥቶ ሊወስድብን ነበር፤ ቍጣውም ትክክል ነበር፤ የእኛ ከበሮ ቆዳ ለመዳፍ እንጂ ለዱላ የተወጠረ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ሶጎውን በእጅ ብቻ መታን፤ ይህም በኤዌዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ለኪዲ የ20 ሊትር ጀሪካን፥ ለካጋን የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ወሰድን። ሥራው እንዲህ ተከፈለ፤ አንዲት እኅታችን ቃጭል፥ ሁለት ሰዎች አሐትሴ፥ አንድ ሰው ካጋን፥ አንድ ሰው ኪዲ፥ የቀሩት ሁለቱ ጭብጨባና ዘፈን ተቀባይ፤ ሶጎው የወዳጃችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ሁላችንም የፈለግነው ሶጎውን ነበር። ቃጭሉን የፈለገ አልነበረም፤ እኅታችንም የያዘችው ዘግይታ ስለ ደረሰች ነው።

3. የቃጭሉ ሰባት ምት

አግባድዛ የሚሽከረከረው በ12 እኩል ቁጥሮች ላይ ነው። 12ኛው ሲያልቅ ያለ ምንም ዕረፍት ወደ 1 ይመለሳል። ቃጭሉ ከእነዚህ ውስጥ 7ቱን ይመታል፤ እነርሱም 1፥ 3፥ 5፥ 6፥ 8፥ 10 እና 12 ናቸው። የጨፋሪዎቹ እግር ደግሞ በየሦስቱ አራት ጊዜ ያርፋል፤ በ1፥ በ4፥ በ7 እና በ10። ካጋን እግሩ ባረፈበት ቁጥር ላይ ፈጽሞ አይመታም፤ የሚመታው ከእርሱ ቀጥለው በሚመጡት ሁለት ቁጥሮች ነው። አሐትሴ ወደ ታች ጭን ላይ ሲመታ (ፓ) ከቃጭሉ ጋር ይሄዳል፤ ወደ ላይ መዳፍ ላይ ሲመታ (ቲ) ባዶ የቀሩትን ቦታዎች ይሞላል፤ 2ኛውን ቁጥር ብቻ ባዶ ይተወዋል። አንባቢ በዐይኑ እንዲያየው ከዚህ በታች ጽፈነዋል። ሰረዙ ዝምታ ነው።

እግር፦ እ – – እ – – እ – – እ – –
ቃጭል፦ ቃ – ቃ – ቃ ቃ – ቃ – ቃ – ቃ
አሐትሴ፦ ፓ – ፓ ቲ ፓ ፓ ቲ ፓ ቲ ፓ ቲ ፓ
ካጋን፦ – ካ ካ – ካ ካ – ካ ካ – ካ ካ

ይህን ሠንጠረዥ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፥ ቃጭልና እግር የሚገናኙት በ1 እና በ10 ላይ ብቻ ነው፤ በ4 እና በ7 ላይ እግር ብቻውን ነው። ሁለተኛ፥ የቃጭሉ የመጀመሪያ ሦስት ምቶች በጎዶሎ ቁጥር (1፥ 3፥ 5)፥ የቀሩት አራቱ ግን በሙሉ ቁጥር (6፥ 8፥ 10፥ 12) ላይ ናቸው። ስለዚህ ምቱ እየሄደ ሳለ ከመንገዱ ወጣ ብሎ እንደ ገና የተመለሰ ይመስላል። ጆሮን የሚያስቸግረውም፥ የሚያስደስተውም ይኸው ነው።

ስንጀምር በአማርኛ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት እየቈጠርን ለመምታት ሞከርንና አልሆነልንም። «አንድ» አጭር፥ «ዐሥራ ሁለት» ረጅም ስለ ሆነ፥ ምቱ ሲፈጥን ምላስ ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው «አንድ ሁለት ሦስት» የሚለውን አራት ጊዜ መድገም ሆነ፤ እግር ሁልጊዜ በ«አንድ» ላይ ያርፋል። ወዳጃችን ግን ይህንንም አልወደደውም። በእነርሱ ዘንድ ሕፃን የሚማረው ቁጥር ቈጥሮ ሳይሆን የመሣሪያውን ድምፅ በአፉ እየጠራ ነው። አፉ ያልያዘውን እጁ አይዘውም ይላል። እኛም በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩን ትተን ድምፁን በአፍ ማለት ጀመርን፤ ከዚያ ወዲያ ፈጠንን።

4. የት ላይ ተሳሳትን?

በሦስተኛው ሳምንት እያንዳንዳችን የየራሳችንን ድርሻ በስልክ ቀድተን በየክፍላችን ስናጠና ሰነበትን። ቅዳሜ ስንገናኝ ሁላችንም ድርሻችንን በሚገባ አውቀን ነበር። አብረን ስንመታው ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ፈረሰ። ደግመን ሞከርን፤ ደግሞ ፈረሰ። ጥፋቱን ሁሉ በቃጭል ያዧ እኅታችን ላይ አደረግን፤ «ወደ ፊት ትሮጫለሽ» አልናት። እርስዋም እኛን ለማስደሰት ስትል እጅዋን ትንሽ ወደ ኋላ፥ ትንሽ ወደ ፊት ማድረግ ጀመረች። በዚህ ጊዜ ጨርሶ ጠፋን። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ፤ እኅታችን «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላ ቃጭሉን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች። ለቀብሩ የቀረን ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

ወዳጃችን ያን ጊዜ ማንንም አልገሠጸም። እኅታችንን ለምኖ መለሳትና፥ መሣሪያችንን ሁሉ መሬት ላይ እንድናስቀምጥ አዘዘን። እርስዋ ብቻ እንድትመታ፥ እኛ ሁላችን በአዳራሹ ዙሪያ እየተራመድን እንድናጨበጭብ ነገረን። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። ካጋን የሚመታው ወንድማችን የሚረግጠው በራሱ የመጀመሪያ ምት ላይ ነበር፤ ይኸውም ከእውነተኛው እግር አንድ ቁጥር ዘግይቶ ነው። ስሕተቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ጆሮ ድምፅ በሰማበት ቦታ ላይ መርገጥ ይወዳል፤ ካጋን ግን እግር ያለበትን ቦታ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከአሐትሴዎቹም አንዱ ተከትሎት ሄዷል። በችክችካ ያደግን እኛ ደግሞ፥ ሦስት ሦስቱን በቀላሉ ብንሰማም፥ የተገኘው ጠንካራ ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ ይመስለናል። በአጠቃላይ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስት የተለያዩ «አንዶች» ነበሩን። ከሁላችንም መካከል ትክክል የነበረችው ስንወቅሳት የሰነበትናት ቃጭል ያዧ ነበረች።

ይቅርታ ጠየቅናት። ወዳጃችንም ለእርስዋ አንድ ቃል ብቻ ነገራት፤ «ቃጭል ይሉኝታ የለውም» አላት። የተናገረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፥ ይሉኝታ የሚለውን ቃል በአማርኛ ነበር ያለው፤ ከእኛ ጋር በቆየበት ጊዜ የተማረው ቃል ነው። ሌላው ቢሳሳትም፥ ቢቈጣም፥ ቢለምንም ቃጭሉ ቦታውን አይለቅም፤ ቦታውን ከለቀቀ ግን የተሳሳተው ሰው የሚመለስበትን ያጣል ማለቱ ነው።

እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ኅብረት ማለት እርስ በርስ መቻቻል፥ አንዱ ለሌላው ትንሽ ትንሽ እያለ መልቀቅ ይመስለን ነበር። በአግባድዛ ግን ሁሉም ለሁሉም ከለቀቀ የሚቀር ነገር የለም። ደግሞም የየራሱን ብቻ አጥብቆ የያዘ፥ የሌላውን የማይሰማ ሰው፥ ካጋን ያዡ ወንድማችን እንደ ሆነው፥ ሳያውቅ ብቻውን ይሄዳል። የሚፈለገው ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነው፤ የራስን መያዝና የሌላውን መስማት።

5. መጻሕፍት ምን ይላሉ?

ነገሩ ሲከብደን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። በሰሜን ሮዴሽያ፥ በዛሬዪቱ ዛምቢያ፥ በሚሲዮናዊነት የኖረው እንግሊዛዊ ኤ. ኤም. ጆንስ፥ ዴዝመንድ ታይ ከተባለ የኤዌ የከበሮ ዐዋቂ ጋር በለንደን ሠርቶ በ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል። እነዚህ ሰዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች ምት በኤሌክትሪክ ኀይል በሚንቀሳቀስ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር መሣሪያ ተጠቅመው፥ ጆሮ የሚጠራጠርበትን በዐይን እንዲታይ አድርገዋል። ጋናዊው ሊቅ ጄ. ኤች. ክዋቤና ንኬቲያም (1921–2019 እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸውን በሙሉ የአገራቸውንና የአፍሪቃን ሙዚቃ ሲመረምሩና ሲያስተምሩ ኖረዋል። ክዋሜ ንክሩማ በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መርቀው የከፈቱት፥ በሌጎን የሚገኘው የአፍሪቃ ጥናት ተቋምም ከበሮን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ካደረጉት አንዱ ነው። ከዚህ የምንረዳው ከበሮ የመዝናኛ ሰዓት ማሳለፊያ ብቻ አለመሆኑን ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ካነበብን በኋላም እግራችን ያው እግር ነበር፤ መጽሐፉ የሚያስረዳን የት እንደ ተሳሳትን እንጂ እንዴት እንደምንመታ አልነበረም።

6. ሶጎና ኪዲ

ኪዲ ሁለት ዐይነት ምት አለው። አንዱ ዱላው ቆዳውን ነክቶ የሚነጥርበት ክፍት ምት ነው፤ ሁለተኛው ዱላው ቆዳው ላይ ተጭኖ የሚቀርበት የታፈነ ምት ነው። የኪዲ ዐረፍተ ነገር የሚሠራው ከእነዚህ ሁለቱ መፈራረቅ ነው። ሶጎ ይናገራል፥ ኪዲ ይመልሳል። ሶጎ ንግግሩን ሲለውጥ ኪዲም መልሱን መለወጥ አለበት። የኤዌ ቋንቋ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃል ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ የከበሮው ንግግር ለሚያውቀው ሰው ቃል ያለው ንግግር ሊሆን ይችላል።

አሁን ሶጎ ለምን በመጨረሻ እንደሚሰጥ ገባን። የሶጎ መች የሌሎቹን ሁሉ ድርሻ ያወቀ መሆን አለበት፤ ነጻነቱ ሁሉ ሌሎቹ ባለመለወጣቸው ላይ የቆመ ነው። በስድስት ሳምንት ከእኛ አንዱም ሶጎ አልነካም። አሁን ይህ አያሳዝነንም።

7. ያ ቅዳሜ

ቀኑ ሲደርስ ከቀኑ በ10 ሰዓት በአዳራሹ ተሰበሰብን፤ በጋና ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። የወዳጃችን እኅት ኬታ ሆና ስልክዋን ከፍታ ያዘችልን። በመጀመሪያ ከእነርሱ ጋር አብረን ልንመታ ሞክረን ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ በመንገድ ትንሽ ስለሚዘገይ የእነርሱ «አንድ» ለእኛ «አንድ» አልሆነም። ስለዚህ በተራ አደረግነው፤ አስቀድመን የእነርሱን ዝም ብለን ሰማን፥ ቀጥሎ እኛ መታን፥ እነርሱ ሰሙ።

ምቱ ከተያዘ በኋላ ወዳጃችን በሶጎው ላይ ጥቂት ሄደ፤ ዘፈኑንም አወጣ፥ እኛም በማናውቀው ቋንቋ ተቀበልነው። በመካከሉ እጁ ቆመ። ከበሮው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ዜናው ከመጣ ጀምሮ ሲያለቅስ አይተነው አናውቅም ነበር። ከእኛም አንዱ ሊነሣ ሲል እኅታችን በዐይኗ መለሰችው፤ ቃጭሉንም አላቆመችም። ካጋን ቀጠለ፥ አሐትሴ ቀጠለ፥ ኪዲም ተናጋሪ ባይኖረውም የሚያውቀውን መልስ እየደጋገመ ጠበቀ። ስንት ጊዜ ዐሥራ ሁለቱን እንደ ዞርን የቈጠረ የለም። ወዳጃችን ፊቱን ጠርጎ ቀና ሲል ምቱ ትቶት በሄደው ስፍራ ላይ ነበር፤ ከቃጭሉ «አንድ» ጋር ገባና ቀጠለ።

8. ለሚጀምሩ ምክር

ይህን መማር ለሚፈልጉ ጓደኞቻችን ከደረሰብን ችግር በመነሣት የሚከተለውን እንመክራለን፦

1ኛ) ከመሣሪያ በፊት እግር። መጀመሪያ እየተራመዳችሁ የቃጭሉን ሰባት ምት በአፋችሁ በሉ፤ ከዚያም አጨብጭቡ።
2ኛ) ሁሉም ሰው በየተራ ቃጭል ይያዝ። ቃጭሉን ሳይዝ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚሄድ አይኑር።
3ኛ) አንድ አንድ መሣሪያ ጨምሩ። ቃጭልና እግር ሳይረጋ አሐትሴ አይግባ፤ አሐትሴ ሳይረጋ ካጋን አይግባ።
4ኛ) በዝግታ ጀምሩ። አለመቻልን የሚሸፍነው ፍጥነት ነው።
5ኛ) የጠፋበት ሰው እጁን ያንሣና ዝም ይበል፤ እግሩን ግን አያቁም። ቃጭሉን ሰምቶ በ«አንድ» ይመለስ። የሚጎዳው መጥፋት ሳይሆን፥ ጠፍቶ ሳለ እንዳልጠፋ ሆኖ መምታት ነው።
6ኛ) ምት ሲፈርስ ጥፋተኛ ከመፈለጋችሁ በፊት ሁላችሁም የት ላይ እንደምትረግጡ ተያዩ።

ወዳጃችን ትምህርቱን ጨርሶ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሩ ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት የኪዲን መልሶች በሙሉ ሊያስተምረን ቃል ገብቷል፤ እኛም ከተሳካልን በሌላ ጊዜ በዚሁ መጽሔት እናቀርባቸዋለን። እስከዚያው ድረስ ቃጭላችን በተማሪዎች ክበብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የሚያወርደው ሁሉ መማር ይችላል። ሶጎውን ለሚፈልግ ግን ብዙ ሰው ከፊቱ መሰለፉን አስቀድመን እንነግረዋለን።